የኮምፒውተር በር ሰብሮ መግባት ስንት ዓመት ያስፈርዳል?

1234። ይህቺ የይለፍ ቃል በእንግሊዝ አገር አዲስ ሕግ እንዲወጣ ምክንያት ሆናለች ብንላችሁ ታምናላችሁ?

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1980ዎቹ የብሪታንያ ቴሌኮም ፕሬስቴል የሚባል አገልግሎት ነበረው። ኢንተርኔት በየሰዉ ቤት ከመግባቱ በፊት ሰዎች ኮምፒውተራቸውን ከስልክ መስመር ጋር አገናኝተው ዜና ያነቡበት፣ መልእክት ይለዋወጡበት ነበር። ስቲቨን ጎልድ እና ሮበርት ሺፍሪን የተባሉ ሁለት ሰዎች የአንድ የፕሬስቴል ሠራተኛ መግቢያ እጃቸው ገባ። የተጠቃሚው ስም 2 ቁጥር እየተደጋገመች የተጻፈችበት ነበር፤ የይለፍ ቃሉ ደግሞ 1234። በዚያች ቀዳዳ ገብተው ሲያስሱ የንግሥት ኤልሳቤጥ ባለቤት የልዑል ፊሊፕ የመልእክት ሣጥን ድረስ ዘለቁ።

ተያዙ፣ ተከሰሱም። ግን በምን ሕግ? ኮምፒውተር ውስጥ ያለፈቃድ መግባትን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ በአገሩ አልነበረም። ዐቃቤ ሕግ ያገኘው የሚቀርበው ሕግ በ1981 የወጣውን የሐሰተኛ ሰነድ ሕግ ነበር። የሌላ ሰው የይለፍ ቃል ማስገባት ሐሰተኛ ሰነድ ከማዘጋጀት አይለይም ብሎ ተከራከረ። በ1986 ጥፋተኛ ተባሉና አንደኛው 750 ፓውንድ፣ ሌላኛው 600 ፓውንድ ተቀጡ።

ሁለቱ ሰዎች ግን ይግባኝ አሉ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በነፃ ለቀቃቸው፤ በ1988 ደግሞ በአገሩ የመጨረሻው የፍርድ አካል የነበረው የጌቶች ምክር ቤት ይህንኑ አጸና። ምክንያቱ ደስ የሚል ቴክኒካዊ ነገር ነው። በሕጉ መሠረት ሐሰተኛ ሰነድ ለመባል መረጃው የሆነ ነገር ላይ ተመዝግቦ መቀመጥ አለበት። የይለፍ ቃሉ ግን በኮምፒውተሩ ውስጥ ለቅጽበት ታይቶ፣ ትክክለኛነቱ ተረጋግጦ፣ ወዲያው ይጠፋል። የተቀመጠ ነገር የለም፤ ስለዚህ ሰነድም የለም። ዳኞቹ ድርጊቱ ወንጀል ይሁን ከተባለ ሕግ አውጪው ሕግ ያውጣ አሉ። ሕግ አውጪውም አወጣ፤ በ1990 የኮምፒውተር አለአግባብ አጠቃቀም ሕግ ጸደቀ።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ጥያቄዎችን ያዙልን። አንድን ሰው የምንቀጣው ስለገባ ነው? ምን አስቦ ስለገባ ነው? ወይስ ምን ያህል ጉዳት ስላደረሰ? ያለፉት 40 ዓመታት የጠለፋ ፍርዶች በሙሉ በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ዙሪያ ሲሽከረከሩ የኖሩ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ያልተባለባቸው ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ፊልም እና ጥቂት ጎረምሶች

አሜሪካም ብትሆን ያኔ ከእንግሊዝ እምብዛም አትሻልም ነበር። በ1983 ሚልዋኪ በምትባል ከተማ የሚኖሩ ጥቂት ወጣቶች ከቤታቸው ሆነው ወደ 60 የሚጠጉ ኮምፒውተሮች ውስጥ ገቡ። የኑክሌር መሣሪያ ምርምር የሚካሄድበት የሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ እና ኒውዮርክ ያለው የስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል ይገኙባቸዋል። ወጣቶቹ ራሳቸውን 414 ብለው ይጠሩ ነበር፤ የከተማቸው የስልክ መለያ ቁጥር ነው። ምን የረቀቀ ዘዴ ተጠቀሙ? ምንም። ብዙዎቹ ኮምፒውተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ የተሰጣቸው የይለፍ ቃል አልተቀየረም ነበር።

አብዛኞቹ ክስ እንኳ አልተመሠረተባቸውም። የተከሰሱት ጥፋታቸውን ያመኑት በምን እንደሆነ ገምቱ እስቲ። በስልክ ሰውን በማወክ! የሚመጥን ሕግ ሲጠፋ እንዲህ ነው፤ ያለውን ጎትቶ ማልበስ ነው።

በዚያው ዓመት ዋርጌምስ የሚባል ፊልም ወጣ። አንድ ጎረምሳ ጨዋታ ፈልጎ ሲደውል ሳያውቀው የጦር ኃይሉ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ዓለምን ለኑክሌር ጦርነት አፋፍ ያደርሳል። ፊልሙን ፕሬዚዳንት ሬገን አይተውት ነበር፤ የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴም ስለ ኮምፒውተር ወንጀል ባወጣው ሪፖርት ላይ ፊልሙን በስም ጠቅሶታል። በ1984 የመጀመሪያው የፌዴራል የኮምፒውተር ወንጀል ሕግ ወጣ፤ በ1986 ደግሞ ተሻሽሎ የኮምፒውተር ማጭበርበር እና አለአግባብ አጠቃቀም ሕግ ተባለ። እስከ ዛሬ የሚሠራው እሱ ነው። ሕጉ ፍርሃትም፣ እውነተኛ አደጋም ወልዶታል ማለት ይቻላል። ሁለቱን መለየት ቀላል አልነበረም፤ አሁንም አይደለም።

ትሉና ፍርዱ

ሕጉ በትክክል የተፈተነው በኅዳር 2 ቀን 1988 ነው። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የነበረው የ22 ዓመቱ ሮበርት ታፓን ሞሪስ አንድ ፕሮግራም ለቀቀ። ፕሮግራሙ ትል የሚባለው ዓይነት ነው፤ ማንም ሳይነካው ራሱን እያባዛ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ይሄዳል። ከየት እንደመጣ እንዳይታወቅ የለቀቀው ከራሱ ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ከኤምአይቲ ኮምፒውተር ነበር።

ትሉ ፋይል አያጠፋም፣ ገንዘብ አይሰርቅም። ታዲያ ምን ችግር ፈጠረ? እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብላችሁ አስቡ፤ ምክንያቱም የፍርዱ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው። ሞሪስ ትሉ አንድ ኮምፒውተር ላይ ሲደርስ «እዚህ ቀድሞ የገባ አለ?» ብሎ እንዲጠይቅ አድርጎታል። መልሱ «አዎ» ከሆነ ይተወዋል። ግን የኮምፒውተሩ ባለቤት ትሉን ለማባረር የውሸት «አዎ» እንዲመልስ ቢያደርግስ? ለዚህ መላ ዘየደ፦ ከሰባት ጊዜ አንዴ፣ መልሱ «አዎ» ቢሆንም እንኳ ትሉ ይግባ። ስሌቱ ግን ተሳሳተ። ትሉ ጥያቄውን ይጠይቅ የነበረው ሞሪስ ከገመተው እጅግ በበለጠ ፍጥነት ነበር። በአንድ ኮምፒውተር ላይ አሥር፣ ሃያ፣ ከዚያም በላይ ትል ተከመረ፤ ማሽኖቹ ከመጨናነቃቸው የተነሳ መሥራት አቆሙ።

ያኔ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኙት ኮምፒውተሮች ወደ 60,000 ገደማ እንደነበሩ ይገመታል። ከመካከላቸው 6,000 የሚሆኑት ተይዘዋል የሚባለውም ግምት ነው። ሞሪስ ነገሩ ከእጁ ሲወጣ ሐርቫርድ ያለ ጓደኛውን አማከረና ትሉን እንዴት ማቆም እንደሚቻል የሚገልጽ ስም የለሽ መልእክት እንዲላክ ተደረገ። መልእክቱ ግን በጊዜ አልደረሰም፤ ትሉ ራሱ መንገዱን ዘግቶታል።

የሚገርመው፣ አባትዬው በብሔራዊ የደኅንነት ኤጀንሲ ሥር ባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ማዕከል ዋና ሳይንቲስት ነበሩ። ልጁ በ1986ቱ ሕግ መሠረት በዳኞች ጉባኤ ጥፋተኛ የተባለ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሕጉ እስከ 5 ዓመት እስርና 250,000 ዶላር ያስቀጣል። ጠበቆቹ ዋና መከራከሪያ ያደረጉት «ጉዳት ላደርስ አላሰብኩም» የሚለውን ነበር። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ1991 የሰጠው መልስ ግን ቁርጥ ያለ ነው፦ ሕጉ ሆን ብሎ መሆን አለበት የሚለው መግባቱን ነው፤ ጉዳቱን አይደለም። ያለፈቃድ ሆን ብለህ ከገባህ፣ ጉዳቱን ባታስበውም ተጠያቂ ነህ።

ታዲያ ስንት ዓመት ተፈረደበት ትላላችሁ? ዜሮ። ዳኛ ሃዋርድ ማንሰን በግንቦት 1990 የ3 ዓመት ፕሮቤሽን (ማለትም እስር ቤት ሳይገባ በክትትል ሥር መቆየት)፣ 400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት፣ 10,050 ዶላር መቀጫና የክትትሉን ወጪ ፈረዱበት። ጥፋቱ ከባድ መሆኑን አልካዱም። ሆኖም ለማጭበርበር ወንጀል የተዘጋጀው የቅጣት መመሪያ ለዚህ ጉዳይ አይስማማም አሉ፤ ልጁ ማንንም አታልሎ ገንዘብ አልወሰደምና።

ሞሪስ በኋላ ኤምአይቲ ፕሮፌሰር ሆነ። አዎ፣ ትሉን የለቀቀበት ኤምአይቲ! በ2005 ደግሞ ዋይ ኮምቢኔተር የሚባለውን የጀማሪ ኩባንያዎች መፈልፈያ ከመሠረቱት አንዱ ነው። ያን ጊዜ 5 ዓመት ታስሮ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ይኖር ነበር? ማንም መመለስ አይችልም። ግን ዳኞች ቅጣት ሲወስኑ ይህንን ጥያቄ በልባቸው ሳያነሱት አይቀሩም።

ጉዳቱን ማን ይቆጥረዋል?

አንድ ሰው መስኮት ሰብሮ ቴሌቪዥን ቢሰርቅ ጉዳቱ ይታወቃል፤ የቴሌቪዥኑ ዋጋ ሲደመር የመስታወቱ። ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ፋይል ቢገለብጥስ? ዋናው ፋይል እዚያው ነው። ታዲያ የጠፋው ምንድን ነው?

በሞሪስ ጉዳይ ትሉ የነካቸው ተቋማት የገለጹት ወጪ በየተቋሙ ከ200 ዶላር እስከ 53,000 ዶላር በላይ ይደርስ ነበር። ትሉ አንድ ነው፤ ሒሳቡ ግን ሰማይና ምድር። ይህም ገና ጅምሩ ነበር።

በየካቲት 1995 ኬቨን ሚትኒክ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ተያዘ። ለዓመታት የስልክና የኮምፒውተር ኩባንያዎች ውስጥ ሰርጎ እየገባ የፕሮግራም ምስጢራቸውን ሲገለብጥ ነበር። ዋና መሣሪያው ምላሱ ነው፤ ደውሎ የሥራ ባልደረባ መስሎ ያወራና የይለፍ ቃሉን በገዛ እጃቸው ያሰጣቸዋል። ኩባንያዎቹ ደረሰብን ያሉት ጉዳት ሲደመር ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋ ነበር። እንዴት እዚህ ደረሰ? የተገለበጠውን ፕሮግራም ለመሥራት የወጣውን ወጪ ጉዳት ብለው ስለቆጠሩት። ግን እኮ ፕሮግራሙ አልጠፋባቸውም! በመጨረሻ በ1999 ፍርድ ቤቱ እንዲክስ ያዘዘው ስንት ነው? 4,125 ዶላር።

እስሩ ግን ቀላል አልነበረም። ሙሉ ችሎት ሳይቆም ከአራት ዓመት በላይ ታስሮ፣ ከዚያም ውስጥ ወራትን ለብቻው ተለይቶ ከቆየ በኋላ፣ በስምምነት 46 ወር፣ ቀድሞ የተጣለበትን የክትትል ግዴታ በመጣሱ ደግሞ 22 ወር ተፈረደበት። በጥር 2000 ሲለቀቅም ለሦስት ዓመት ኮምፒውተር እንዳይነካ ታዘዘ። በኋላ የደኅንነት አማካሪ ሆኖ፣ ኩባንያዎች እየከፈሉት ሥርዓታቸውን ሲፈትሽ ኖሯል።

አሜሪካ ውስጥ ይህ ስሌት በሠንጠረዥ ይሠራል። ዳኞች የሚመለከቱት የቅጣት መመሪያ ለወንጀሉ መነሻ ነጥብ ይሰጣል፤ በላዩ ላይ በጉዳቱ መጠን ነጥብ ይደመራል። ነጥቡ ሲጨምር የእስሩ ወራት ይጨምራል። ከ2015 ጀምሮ ለዓመታት በሠራው ሠንጠረዥ ጉዳቱ ከ6,500 ዶላር ካላለፈ ምንም አይጨመርም፤ ከ550 ሚሊዮን ዶላር ካለፈ ግን 30 ነጥብ ይከመራል። በኮምፒውተር ወንጀል ደግሞ ጉዳት የሚባለው ሰፊ ነው፦ ተቋሙ የደረሰበትን ለማጣራት፣ ሥርዓቱን ለመጠገን፣ መረጃውን ለመመለስ ያወጣው ተገቢ ወጪ ሁሉ ይገባል፤ አድራጊው አስቀድሞ ባይገምተውም እንኳ።

ለዚህ አሠራር የሚከራከሩ ሰዎች ምክንያት አላቸው። አልበርት ጎንዛሌዝን እንመልከት። ከግብረ አበሮቹ ጋር ሆኖ የትልልቅ መደብሮችንና የክፍያ ኩባንያዎችን ኮምፒውተር ሰብሮ ከ130 ሚሊዮን በላይ የባንክ ካርድ ቁጥሮችን ዘረፈ። ይህንን ሲያደርግ ለመንግሥት መረጃ አቀባይ ሆኖ ይሠራ ነበር። በመጋቢት 2010 20 ዓመት ተፈረደበት። እዚህ ላይ «ለማወቅ ጓጉቼ ነው» የሚል ወጣት የለም፤ ስርቆት ነው፣ በብዙ ሚሊዮን ሰው ላይ። ችግሩ፣ ሠንጠረዡ ለጎንዛሌዝ የሚመች ቢሆንም ለሌሎችም ያው መሆኑ ነው።

35 ዓመት ወይስ 6 ወር?

አሮን ስዋርትዝ ገና በ14 ዓመቱ ድረ ገጾች ዜናቸውን የሚያሰራጩበትን አርኤስኤስ የሚባል ዘዴ በማዘጋጀት የተሳተፈ ልጅ ነበር። በ2005 ዋይ ኮምቢኔተር ሥራ ሲጀምር ከተቀበላቸው የመጀመሪያዎቹ ወጣቶችም አንዱ ነው። ሞሪስ ከመሠረቱት አንዱ ነው ያልናችሁን አስታወሳችሁ?

ስዋርትዝ በ2010 መጨረሻና በ2011 መጀመሪያ በኤምአይቲ ኔትወርክ በኩል ጄስቶር ከሚባለው የጥናት መጻሕፍት ክምችት ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጽሑፎችን አወረደ። ኤምአይቲና ጄስቶር ሲያግዱት መንገድ እየቀየረ ቀጠለ፤ በመጨረሻ ላፕቶፑን በአንድ የሽቦ ክፍል ውስጥ ደብቆ አስቀመጠ። ተያዘ። ጄስቶር ጽሑፎቹ ከተመለሱለት በኋላ በበኩሉ ጉዳዩን መግፋት እንደማይፈልግ አስታወቀ። የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ግን በሐምሌ 2011 ክስ መሠረተ፤ መግለጫውም እስከ 35 ዓመት እስርና እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር ሊያስቀጣው እንደሚችል ተናገረ። በቀጣዩ ዓመት ክሶቹ ወደ 13 ከፍ አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዜና ላይ «35 ዓመት ይጠብቀዋል» ሲባል ስትሰሙ፣ ያ የእያንዳንዱ ክስ ጣሪያ ተደምሮ የተገኘ ቁጥር ነው። ዳኞች በተግባር የሚፈርዱት ብዙውን ጊዜ ከዚያ በእጅጉ ያንሳል። በስዋርትዝ ጉዳይ ዐቃቤ ሕጓ ራሳቸው ጥፋቱን ቢያምን 6 ወር እንዲፈረድበት ሊጠይቁ እንደነበር በኋላ ተናግረዋል። 35 ዓመት እና 6 ወር! ይህ ልዩነት የሒሳብ ስሕተት አይደለም፤ መደራደሪያ ነው። «እመን፣ ጥቂት ወር ነው፤ ከተሟገትክ ግን ጣሪያው ይወድቅብሃል» እንደማለት ነው። ጥፋተኛ ነኝ የማይልን ሰው ወደ ችሎት የመሄድ መብቱን እንዳይጠቀም ያስፈራዋል ብለው ብዙ የሕግ ምሁራን ይተቹታል።

ስዋርትዝ ችሎት ፊት አልቀረበም። በጥር 2013፣ በ26 ዓመቱ፣ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። አንድ ሰው ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ በአንድ ምክንያት ብቻ መናገር አይቻልም፤ እኛም አንሞክረውም። ከሞቱ በኋላ ግን ሕጉ እንዲለዝብ በስሙ የተሰየመ ረቂቅ ለአሜሪካ ምክር ቤት ቀርቦ ነበር። አልጸደቀም።

በሩ ዝግ ነው ወይስ ክፍት?

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ለመሆኑ «ያለፈቃድ መግባት» ማለት ምን ማለት ነው? የይለፍ ቃል ሰርቆ የገባ ሰው ጉዳይ ግልጽ ነው። ግን የራሱ የይለፍ ቃል ኖሮት፣ እንዲገባ ተፈቅዶለት፣ ለማይገባ ዓላማ የተጠቀመስ?

ጆርጂያ ግዛት ውስጥ ናታን ቫን ቢዩረን የሚባል የፖሊስ ሳጅን ገንዘብ ተቀብሎ የአንድ መኪና ታርጋ በፖሊስ የመረጃ ቋት ውስጥ ፈለገ። ቋቱን የመክፈት ፈቃድ ነበረው፤ የተከለከለው ለግል ጉዳይ መጠቀሙ ነው። በጠለፋ ሕጉ ተፈርዶበት ነበር። በሰኔ 2021 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ6 ለ3 ድምፅ ፍርዱን ሻረው። የብዙኃኑ ሐሳብ ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦ በሩ ወይ ክፍት ነው ወይ ዝግ። እንድትገባበት የተፈቀደልህ ክፍል ውስጥ ገብተህ መጥፎ ነገር ብታደርግ ሌላ ጥፋት ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ሕግ ግን ሰብሮ ገብ አትባልም። አለበለዚያ ይላሉ ዳኞቹ፣ በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር የግል ኢሜይል የላከ ሠራተኛ ሁሉ ወንጀለኛ ሊባል ነው።

በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በቅን ልቦና የደኅንነት ክፍተት የሚፈልጉ ተመራማሪዎች እንዳይከሰሱ መመሪያ አወጣ። ቀዳዳ የሚፈልግ ሁሉ ሌባ እንዳልሆነ ለመጻፍ ከ30 ዓመት በላይ ፈጅቷል።

እንግሊዞች ደግሞ ሌላ መንገድ ይዘዋል። በ1990ው ሕግ በባዶ መግባት ብቻ ቢበዛ 6 ወር ነበር የሚያስቀጣው። በኋላ ወደ 2 ዓመት ከፍ አለ። በ2015 በመጣው ማሻሻያ ደግሞ የሰው ሕይወትን ወይም የአገር ደኅንነትን ክፉኛ የሚጎዳ ጥቃት እስከ ዕድሜ ልክ እንዲያስቀጣ ሆነ። ከ750 ፓውንድ ተነስቶ ዕድሜ ልክ ለመድረስ 30 ዓመት ያልሞላ ጊዜ ነው። ለምን? ኮምፒውተሩ ራሱ ስለተቀየረ። ያኔ ፕሬስቴል ቢቆም የሚጎዳው መልእክት የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ዛሬ የሆስፒታል ሥርዓት ቢቆም ቀዶ ጥገና ይቆማል።

በእኛስ አገር?

ኢትዮጵያ ውስጥ የኮምፒውተር ወንጀል በሕግ የገባው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ነው፤ ከአንቀጽ 706 ጀምሮ ጥቂት አንቀጾች ተሰጥተውታል። እነዚህን በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ተካቸው። የአዋጁ አንቀጽ 3 ያለፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ ውጪ ሆን ብሎ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን ይከለክላል፤ ቅጣቱም ከ3 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ወይም ከ30,000 እስከ 50,000 ብር መቀጮ ወይም ሁለቱም ነው።

አሁን ልዩነቱን ተመልከቱ። የአሜሪካው መመሪያ «ስንት ዶላር ጠፋ?» ብሎ ሲጠይቅ የእኛው አንቀጽ የሚጠይቀው «የማን ኮምፒውተር ነው?» ብሎ ነው። ለአንድ ድርጅት ብቻ አገልግሎት የሚውል ከሆነ ቅጣቱ ከ3 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራትና መቀጮ ይሆናል። ቁልፍ መሠረተ ልማት ከሆነ ደግሞ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ50,000 እስከ 100,000 ብር። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ አንድ ኩባንያ የጉዳት ሒሳቡን በማጋነን ብቻ የአንድን ወጣት ዕድሜ በእስር ማስረዘም አይችልም። ጉዳቱም አለ፤ ጓጉቶ ብቻ የገባና ሊያጠፋ የገባ ሰው ከአንድ በር ስለገቡ በአንድ የቅጣት እርከን ላይ ይጀምራሉ። የቫን ቢዩረን ጥያቄም እዚህ አለ። «ከተሰጠ ፈቃድ ውጪ» የሚለው ሐረግ የተፈቀደለትን ክፍል ለማይገባ ዓላማ የተጠቀመን ሠራተኛ ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? የሕግ ተማሪ የመሆን ሐሳብ ያላችሁ፣ ይሄ ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ከእስር ሌላ

በ2016 ሚራይ የተባለ ተባይ ፕሮግራም የደኅንነት ካሜራዎችንና የቤት ኢንተርኔት ሳጥኖችን በመቶ ሺዎች እየማረከ ትልልቅ ድረ ገጾችን ለማጨናነቅ ዋለ። ያዘጋጁት ሦስት ወጣት አሜሪካውያን ነበሩ። መሣሪያዎቹ ውስጥ የገቡትም ከፋብሪካ ሲወጡ በተሰጣቸው፣ ባለቤቶቹ ባልቀየሩት የይለፍ ቃል ነው። ከ1234 ወዲህ ብዙም አልራቅንም ማለት ነው።

በመስከረም 2018 አላስካ ያለ ፍርድ ቤት እያንዳንዳቸውን የ5 ዓመት ክትትል፣ 2,500 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና 127,000 ዶላር ካሳ ፈረደባቸው። እስር የለም። ከተያዙ በኋላ የፌዴራል ምርመራ ቢሮውን በሌሎች የሳይበር ወንጀሎች ምርመራ በሰፊው ስላገዙ ነው። ግን ነፃ ወጡ አትበሉ። አንደኛው የራሱን ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ደጋግሞ በማጥቃቱ በሌላ ፍርድ ቤት የ6 ወር የቤት ውስጥ እስርና 8.6 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ተጨመረበት። በወጣትነት የተሠራች ሥራ ዕድሜ ልክ የምትከፈል ዕዳ ልትሆን ትችላለች።

ኔዘርላንድስ ደግሞ ሃክ ራይት በሚባል ፕሮግራም ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዙ ወጣቶችን ከደኅንነት ባለሙያዎች ጋር ታገናኛለች፤ ያደረሱት ጉዳት ማን ላይ እንደደረሰ እንዲያዩ፣ ችሎታቸውንም በፈቃድ የሚሠሩበትን መንገድ እንዲያውቁ።

ከእናንተ መካከል አንዳንዶቻችሁ ይህንን ችሎታ አላችሁ፤ ወይም በቅርቡ ይኖራችኋል። የትምህርት ቤታችሁ ኮምፒውተር ቀዳዳ እንዳለው ታይታችሁ ጣታችሁን ሊበላችሁ ይችላል። ሞሪስንም የበላው ያው ነው። እስካሁን ካየናቸው ፍርዶች የሚወጣው ትምህርት አጭር ነው፦ ጉዳት ባታስቡም፣ ምንም ባትወስዱም፣ የይለፍ ቃሉ 1234 ቢሆንም፣ ያለፈቃድ መግባቱ ብቻውን ይበቃል። ከገባችሁ በኋላ የሚመጣውን ሒሳብ የሚቆጥረው ደግሞ እናንተ አይደላችሁም። በጽሑፍ የተሰጠ ፈቃድ ይዞ የሚፈትሽ ሰው ግን ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ እንዲያውም ብዙ ኩባንያዎች ቀዳዳ ላገኘላቸው ሰው ይከፍላሉ።

ሌላውን ደግሞ ለአንባቢነታችሁ እንተወው። ከእንግዲህ «ጠላፊው 40 ዓመት ይጠብቀዋል» የሚል ዜና ስታነቡ ሦስቱን ጥያቄዎች አውጡ። በሩ ዝግ ነበር ወይስ ክፍት? ሰውየው ምን አስቦ ገባ? ጉዳቱንስ ማን ቆጠረው፣ እንዴትስ አድርጎ ቆጠረው? ዜናው ሦስቱን ካልመለሰ፣ ቁጥሩ ስለ ፍርዱ የሚነግራችሁ ብዙ ነገር የለም።